የሪዝቅ በር

ቅቤ ነጋዴ ነኝ። ቡታጅራ ገበያ ገብታችሁ ሰልሚያ ቅቤ ሻጯ የት አለች ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም ያሳያችኋል። ለጋውንም፣ መካከለኛውንም፣ ቅል ውስጥ ከርሞ አፍንጫ የሚሰብረውንም በሳል ስመዝን ነው የኖርኩት። አንድም ቀን ሸቶኝ አያውቅም ነበር። አሁን ግን አፍንጫዬን በሻርፕ ሸፍኜ ነው የምሸጠው። ደንበኞቼ ጉንፋን ይዟት ነው ይላሉ። ጉንፋን አይደለም። የባሌ ወገብ ነው እንዲህ ያደረገኝ።

ባሌ ሰማን ይባላል። ልብስ ሰፊ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ደጃፍ ላይ የስፌት መኪናውን አስቀምጦ ሱሪ ያሳጥራል፣ ዚፕ ይቀይራል፣ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። ዝምተኛ ነው፤ ሲሰድቡትም ይስቃል። እኔ የወልቂጤ ልጅ ነኝ፣ ምላሴም እንደምታዩት ነው። ልንጋባ ስንል ጓደኞቼ "ይሄን ዱዳ ምን ልታደርጊው ነው?" ብለውኝ ነበር። ወደድኩት፣ አገባሁት፣ አለቀ።

ሰማን ወገቡ ላይ፣ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ልክ አጥንቱ መሀል ቀዳዳ ነበረችው። የእርሳስ ጫፍ ብታክል ነው። ዙሪያዋን ጥቁር ጸጉር በቅሎባት የፍየል ጢም ትመስላለች። አብራው ነው የተወለደችው። በተጋባን ሰሞን አየኋትና "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አልኩት። ደንግጦ ሽርጡን ወደ ላይ ሳበ። "እማ ትነግርሻለች" አለኝ። የገዛ ገላውን ነገር እናቱ ናት የምትነግረኝ እንግዲህ።

እማ ሳሌሃ እንሴኖ ነው የሚኖሩት። ነገሩኝም፣ ያውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በር አስዘግተው። ሰማን የመጨረሻ ልጃቸው ነው። ከእሱ በፊት አባቱ የሞከሩት ንግድ ሁሉ ይከስር ነበር አሉ። እሱ በተወለደ ሰሞን ግን መርካቶ ውስጥ ሱቅ አገኙ፣ ሱቁም ያዘላቸው። አዋላጇ ሕፃኑን ገልብጣ ስታጥብ ቀዳዳዋን አይታ "ይሄ ልጅ በር ይዞ መጣ" ብላ ነበርና፣ በቃ፣ ነገሩ ገጠመላቸው። ያች ቀዳዳ ከዚያ ወዲህ የሪዝቅ በር ተባለች። ሪዝቅ ማለት አላህ ለሰው የሚሰጠው ሲሳይ ነው። የዚያ ቤት ሲሳይ በሰማን ወገብ በኩል ነው የሚገባው ማለት ነው።

የጉራጌ ባህል ነው እንዳትሉ ብቻ። ጉራጌ ሠርቶ ነው የሚበላው። ይሄ የእነሱ ቤት ጉድ ነው። ኢማሙ ቢሰሙ ሽርክ ነው፣ በአላህ ላይ ማጋራት ነው ብለው እንደሚያባርሯቸው ልባቸው ያውቃል። ስለዚህ ከመስጊዱም ከጎረቤቱም ደብቀውት ኖሩ።

አሁን የሚያደርጉትን ስሙ። ከቤቱ ሰው አንዱ አዲስ ንግድ ሊጀምር ወይም ዕቃ ሊያመጣ ሲነሳ መጀመሪያ ወደ ሰማን ይመጣል። ሰማን በሆዱ ይተኛል። እማ ሳሌሃ ከቅል በሳል ቅቤ በጣታቸው ይጨልፉና ቢስሚላህ ብለው ቀዳዳዋ ውስጥ ይጠቀጥቁታል። ይቀቡታል አላልኩም፤ ይጠቀጥቁታል ነው ያልኩት። ከዚያ መንገደኛው ጣቱን ከላይ ጫን ያደርግና ያንኑ ጣት ኪሱ ውስጥ ይጠርገዋል፣ ገንዘብ እንዲገባለት። የዚያ ቤት ወንዶች ኪስ ሁሉ ወዝ አለው። ሚስቶቻቸው እንዴት እንደሚያጥቡት አላህ ይወቅ።

የእኔን ቅቤ ደግሞ አይፈልጉም። "የገበያ ቅቤ ውሃ አለበት" ይሉኛል አማቴ። እኔን ነው እንግዲህ፣ የቅቤ ነጋዴዋን። የራሳቸውን ከእንሴኖ በቅል አንጠልጥለው ይመጣሉ። ያ ቅቤ ስንት ክረምት እንዳሳለፈ አልጠይቃቸውም፤ ክዳኑን ሲከፍቱት ይናገራል።

አረፋ ሲመጣ ደግሞ የባሰ ነው። አገሩ በሙሉ ከአዲስ አበባ ይገባል፣ ሰው በግ ያርዳል፣ ልጆች አዲስ ልብስ ይለብሳሉ። እነሱ ከሶላት መልስ ባሌን በሆዱ አስተኝተው ይሰለፋሉ። የአጎት ልጅ፣ የአክስት ልጅ፣ የአጎት ልጅ የንግድ ሸሪክ ሳይቀር። አንዱ ጣቱን አንስቶ ሌላው ሲተካ እያየሁ፣ የቀረበልኝ ክትፎ አልወርድ ብሎኝ ያውቃል። ክትፎ ያልበላች የጉራጌ ልጅ ታምማለች ተብዬ ውሃ ቀረበልኝ።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ታላቅ ወንድሙ ሰይዶ ነው። መርካቶ ጅምላ ሻጭ ነው። ያኔ "ጋሽ ሰይዶ" ነበር የምላቸው፣ አንቱ እያልኩ። አሁን ሰይዶ ነው የምለው፣ ለምን እንደሆነ ትሰማላችሁ። መኪናውን ደጃፋችን አቁሞ ይገባና ገና ሰላምታው ሳያልቅ "የታለ በሩ?" ይላል። ባሌን መሆኑ ነው። ስሙ ጠፍቶት እኮ አይደለም።

አንድ ቀን ሰማንን "አያስጠላህም?" አልኩት። ክሩን መርፌ ውስጥ እያስገባ ነበር፣ ቀና አላለም።

"ሰልሚ፣ ጋሽዬ ሀብታም ነው። ወንድሜ ሙባሪክ የጭነት መኪና አለው። እኔ ሱሪ ነው የማሳጥረው። ያለ እሷ ማን ይጠራኛል?"

አንጀቴን በላው። ደግሞም አስጠላኝ። ሁለቱም ባንድ ላይ ነው የመጡብኝ፣ ምን ላድርግ።

ካቻምና ክረምት ላይ ታመመ። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ አንገቱ አልታጠፍ አለ። ሆስፒታል ወሰድነው፣ ማጅራት ገትር ነው ተባለ። ሐኪሙ እንደ ደንቡ ጠይቋል። ጆሮውን ያመዋል ወይ? ጭንቅላቱን ተመትቶ ያውቃል ወይ? ሰውነቱ ላይ ቁስል አለ ወይ? እኔ መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ነበር። የመለሱት እማ ሳሌሃ ናቸው። "ምንም የለበትም" አሉ። በኋላ ስሰማ "እንዴት እንዲህ ይላሉ?" ብላቸው "ቁስል አይደለማ" አሉኝ። "በረካ ነው። በረካ ለማያውቁት ሰው አይነገርም፣ ዓይን ይበላዋል።" በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እነሱ ደብቀውት አልቀሩም፣ ቅቤ ጨመሩበት።

ያኔ በመርፌ ዳነ። ዳነ ስንል ግን ውስጥ ውስጡን አልዳነም። ወገቡን ያመዋል፣ ግራ እግሩ ይደነዝዘዋል። ዝም ይላል፣ ዝምተኛ አይደል። እማ ሳሌሃ "በሩ ቅቤ አንሶት ነው" ብለው ጨመሩለት።

አምና ከአረፋ በኋላ፣ ሁሉም ነካክቶት ወደየንግዱ ከተመለሰ በኋላ፣ የስፌት መኪናው ላይ ተደፋ። ጎረቤቱ ጠርቶኝ ስደርስ ዓይኑን መግለጥ አልቻለም፤ ብርሃን እንደ መርፌ ይወጋኛል ይላል። አስመለሰው። አንገቱ ግንድ ሆኗል። እናቱን እየጠራ ይቀባዥራል፤ ተገልብጬ ልተኛ ወይ ይላታል። በዚያ ትኩሳት ውስጥ እንኳ የሚያስበው በሩን ነው። ሙባሪክ በስልክ ታይፎይድ ይሆናል አለ። አማቴ ምች ነው አሉ። ማንንም አልሰማሁም፣ ባጃጅ ላይ ጫንኩት።

ሆስፒታል የተቀበለን ዶክተር ይታገሱ የሚባል ወጣት ነው። አማቴም ከእንሴኖ ደርሰውብናል። እንዳየው ማጅራት ገትር ተመልሶበታል አለ፤ መድኃኒት አስጀመረውና ከጀርባው ውሃ ቀድቶ ሊመረምር በጎኑ አስተኛው። ሸሚዙን ወደ ላይ ሰበሰበ። እዚያ ላይ እጁ ቆመ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ከልጅነቱ ያለ ምልክት ነው፣ አይነካም" አሉ እማ ሳሌሃ ፈጠን ብለው።

ዶክተሩ ጓንቱን አጥልቆ ዙሪያዋን በሁለት ጣቱ ቀስ ብሎ ጫን አደረገ። የወጣውን ባልነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ልንገራችሁ፣ እኔ ብቻዬን ለምን እሸከመዋለሁ። መጀመሪያ ጥቁር ነገር ወጣ፣ የተጠቀለለ ጸጉር ነው። ከኋላው ቢጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ የቀላቀለ መግል፣ መሀሉ ላይ የረጋ ቅቤ እንደ ሻማ ፍርፋሪ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። እኔ የቅቤን ሽታ በየደረጃው አውቀዋለሁ። የሞተ ነገር የተቀበረበት ቅቤ ግን ሸቶኝ አያውቅም። ነርሷ ዞር አለች። እኔ ባልዲው ላይ አጎነበስኩ።

"ውስጡ ያለው ምንድን ነው?" አለ ዶክተሩ።

"ቅቤ ነው" አልኩት ከባልዲው ቀና ብዬ። "ዕድሜውን ሙሉ ሲጠቀጥቁት ነው የኖሩት።"

ዶክተሩ አልተቆጣም። ቢቆጣ ደስ ይለኝ ነበር። መርፌውን አስቀመጠና "በዚህ በኩል አልወጋውም" አለ። ከዚያ ለእኔ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ሰው ገና በማህፀን ሲሠራ አከርካሪው እንደ ዚፕ ይዘጋል፤ የሰማን እዚያ ጋ በደንብ አልተዘጋም። ቀዳዳዋ ቆዳ ላይ የምታበቃ ትመስላለች እንጂ ቀጭን ቱቦ ናት፣ ወደ ውስጥ እስከ ነርቩ ድረስ ትዘልቃለች። ጀርሙ በእሷ ገብቶ ነው ወደ አንጎሉ ሽፋን የወጣው፣ ያኔም አሁንም። "ብዙ ሰው በሕፃንነቱ ነው የሚታወቅበት። እሱ እስካሁን ማንም ሳያይለት ኖሯል" አለኝ። ሳያይለት አለ እንግዲህ። አገር ተሰልፎ ያየውን።

ግራ እግሩን አንሳ ሲለው አላነሳም። ሽንቱም ቆሟል። አከርካሪው ውስጥ መግል ተቋጥሮ ነርቩን ሳይጫነው አልቀረም፣ አዲስ አበባ ሄዶ ኤምአርአይ ተነስቶ፣ ቱቦዋ ከነሥሯ ወጥታ መዘጋት አለበት አለ። "ካልተዘጋ ተመልሶ ይመጣል። በሚቀጥለው እግሩን ይወስደዋል፣ ወይ ራሱን።"

ከተባለው ሁሉ አማቴ የሰሙት አንዷን ቃል ነው። "መዝጋት? በሩን?"

በማግስቱ ሰይዶና ሙባሪክ መጡና ሆስፒታሉ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሰይዶ በቃኝ ሳይል ተናገረ። በመርፌ ይዳን፣ ያኔም በመርፌ ድኗል። መዝጋት የሚባል ነገር ግን የለም። "የአባታችን ቤት የቆመው በእሱ ነው። አንቺ ትላንት ከወልቂጤ መጥተሽ በራችንን ልትዘጊ ነው?"

"ጋሽ ሰይዶ፣ በርዎ መግል ነው እኮ የሚያስገባው" አልኳቸው።

"አፍሽን ዝጊ።"

"አፌ ይዘጋል፣ እሱ አይዘጋም ማለት ነው?"

ሙባሪክ ሊስቅ ብሎ ወንድሙን አይቶ ተወው። ለማንኛውም ሰማን ይወስናል ተባለ። እኔም ጥሩ፣ ሰው ሞቱን አይመርጥም አልኩ። ትኩሳቱ በርዶለት ሲነቃ ቀስ ብዬ ነገርኩት። ጣሪያውን እያየ ሰማኝ።

"ከተዘጋ እኔ ምንድን ነኝ?" አለ።

"ሰማን ነህ። ባሌ ነህ። የሙዝደሊፋ አባት ነህ።" ሙዝደሊፋ ልጃችን ናት፣ ያኔ ገና መዳህ ጀምራለች።

"እሱንማ ማንም ይሆናል" አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ዶክተሩ በየቀኑ እግሩን በመርፌ ጫፍ ይነካካል፣ ድንዛዜው ወደ ላይ እየወጣ ነው ይለኛል፣ ቶሎ በሉ ይለኛል። እኔ እለምነዋለሁ። እሱ "በመርፌው እድናለሁ ኢንሻአላህ" ይላል። እግሩ አልጋው ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጧል።

በዚያው ሳምንት ሰይዶ ዱባይ ሊሄድ ተነሳ። አሁን ወደሚያቅለሸልሸኝ ደረስን። ሾርባ ላመጣለት ወጥቼ ስመለስ፣ የሰማን አልጋ በሁለት ሰው ተከቧል። እማ ሳሌሃ ከሻርፓቸው ሥር ቅሏን አውጥተዋል። ሰማንን በሆዱ ገልብጠውታል፤ እሱም እሺ ብሎ ተገልብጧል። ዶክተሩ አደራ ማንም እንዳይነካው ያለውን ፋሻ ልጠውታል። ሰይዶ ጣቱን ከቶ ቆሟል። ሊጠይቀው አይደለም የመጣው። ለመንገዱ ነው።

"እጅህን አንሳ" አልኩት። አንተ ያልኩት ያን ቀን ነው። የክፍሉ በሽተኛ ሁሉ ዞረ።

ደንግጦ ጣቱን መዘዘ። የወጣው ቅቤ አልነበረም። ከዚያች ቀዳዳ፣ ዶክተሩ ካፈረጣት ወዲህ፣ ጠዋት ማታ የሚፈሰው ሌላ ነው። ሰይዶ ጣቱን አየ። ጠጋ አድርጎ አሸተተው። ፊቱ ሎሚ እንደነከሰ ሕፃን ተጨማደደ።

"ኤጭ" አለ።

ጣቱን ከገላው አርቆ ይዞ ዙሪያውን አየ። ኪሱ ትዝ አላለውም። የሰማን አንሶላ ላይ ጠረገው፣ እዚያው ከጭንቅላቱ አጠገብ፣ ከዚያም ውሃ የት ነው እያለ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ሲያስመልሰው ሁላችንም ሰማነው። እማ ሳሌሃ ተከትለውት ሮጡ። የሮጡት ለእሱ ነው።

ሰማን በሆዱ እንደተኛ አንገቱን አዙሮ አንሶላው ላይ የቀረውን ያይ ነበር። ፋሻውን ላስተካክል ስጠጋ እጄን ያዘኝ።

"ሰልሚ፣ ኤጭ አለኝ" አለ። "ጋሽዬ እኔን ኤጭ አለኝ።"

አለቀሰ። ካገባሁት ጀምሮ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ባባብለው ይሻል ነበር፣ እኔ ግን ንዴቴ አልበረደልኝም፣ "እኔ እኮ ከመጀመሪያው ኤጭ ብያለሁ፣ ማን ሰማኝ" አልኩት። በዚያ ልቅሶ ውስጥ ሳቅ አለ። "ውሰጂኝ" አለኝ።

ወሰድኩት። አዲስ አበባ በኤምአርአይ አዩት፤ ዶክተር ይታገሱ እንዳለው ነው፣ ቱቦዋ እስከ ውስጥ ዘልቃ መጨረሻዋ ላይ መግል ቋጥራለች። ቀደዱት፣ ጠረጉት፣ ቱቦዋን ከነጸጉሯ ነቅለው አወጧት፣ ሰፉት። ሰይዶ ከዱባይ ከተመለሰ በኋላም፣ መርካቶ ለሆስፒታሉ ቅርብ ሆኖ ሳለ፣ አልመጣም። እማ ሳሌሃ አንድ ጊዜ መጥተው "ጨርሶ ተዘጋ?" ብለው ጠየቁ። ጨርሶ አልኳቸው። ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ፣ የሞተ ሰው ያለ መሰለኝ።

አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ። ሽንቱ ተመለሰለት። ግራ እግሩን ይጎትታል፣ ግን የስፌት መኪናውን በቀኙ ይረግጣል። ጀርባው ላይ ጠባሳ አለ፣ ደረቅ ነው፣ አይሸትም። እኔ ዓይቼ አልጠግበውም።

ቤታችንን የሚያንኳኳ ግን ጠፋ። መኪና ደጃፋችን አይቆምም። የአጎት ልጅ፣ የአክስት ልጅ በሱቁ ፊት ሲያልፍ ሰላም ብሎት ያልፋል፣ ዚፕ እንኳ ሌላ ጋ ነው የሚያስቀይረው። ዘንድሮ አረፋ ሲመጣ እንሴኖ ሳንጠራ ቀረን። ሰማን አዲስ ጀለቢያውን ለብሶ ከሶላት መልስ ቁጭ ብሎ ዋለ። ሥጋ ቆርጬ አቀረብኩለት። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ክትፎዬን እስክጠግብ በላሁ። እሱ ስልኩን ያያል፣ ያስቀምጣል፣ ያያል።

ባለፈው ወር ዶክተር ይታገሱ ለክትትል ሲቀጥረን ልጃችሁንም ይዛችሁ ኑ አለን። "ብዙ ጊዜ አይወረስም" አለ። "ግን ትንሽ ሆና ካየናት ምንም ሳይደርስባት ይስተካከላል።" ወሰድናት። ሙዝደሊፋን አልጋው ላይ በሆዷ አስተኝቶ ቀሚሷን ሰበሰበ። ከአንገቷ እስከ መቀመጫዋ በባትሪ አየ፣ በጣቱ ዳሰሰ። ጀርባዋ ልሙጥ ነው። ልጅቷ ኮረኮራትና ሳቀች።

"ምንም የላትም" አለ። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ሰማን አልጋው ላይ ጎንበስ አለ። ራሱ በአውራ ጣቱ ወገቧ ላይ አጥንቱን እየተከተለ ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ፣ እንደገና ወረደ።

"በደንብ አይተሃል፣ ዶክተር?" አለ። "ትንሽም የለም? ምልክት እንኳ?"

"ምንም የለም፣ አይዞህ" አለው ዶክተሩ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ። የአባት ጭንቀት መስሎት ነው። እኔ ግን የባሌን ፊት አውቀዋለሁ። ከፍቶት ነበር። ዓይኔ እያየ ከፋው።

ዶክተሩ እጁን ሊታጠብ ዘወር ሲል፣ ሰማን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ለእሷ ብዬ ነው፣ ሰልሚ" አለኝ። "ሰው እንዲፈልጋት።"

ልጄን ከአልጋው አነሳኋት። ቀሚሷን ሳላስተካክል በሻርፔ ጠቅልዬ ወጣሁ። እግሩን እየጎተተ ከኋላዬ ሲመጣ ይሰማኛል። አልጠበቅኩትም።